አንድ መጽሐፍ፣ ሁለት ዕልባት

በስደት አገር አንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ የማይተያዩ ባልና ሚስት ብርቅ አይደሉም። እነዚህም ከዚያው ወገን ናቸው። ባልየው ዋሽንግተን መሐል ከተማ ባለ አንድ ፓርኪንግ ቤት የቀን ሺፍት ይሠራል። ሚስትየዋ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ሌሊቱን ሙሉ ሽማግሌና አሮጊት ስታገላብጥ ታድራለች። እሷ ስትገባ እሱ ይወጣል፤ እሱ ሲገባ እሷ ጫማዋን እያሰረች ነው። እሑድ ይገናኛሉ እንዳይባል ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ክርስትና አለ፣ የኮሚኒቲ ስብሰባ አለ። ስለዚህ የሚነጋገሩት ፍሪጁ በር ላይ በሚለጠፍ ወረቀት ነበር። «የመብራት ከፍያለሁ።» «ልጅቷ ዐርብ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ አላት።» «ወተት አልቋል።»

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አስፈለገ ይባል ይሆናል። እሱ ሥራ ላይ ስልክ መነካካት አይፈቀድለትም፤ እሷ ቀን ስትተኛ ስልኳን ታጠፋለች። ወረቀቱ ይሻላል። እነዚያ ወረቀቶች ተሰብስበው ቢሆን ኖሮ የዐሥራ አምስት ዓመት የአሜሪካ ኑሮ ታሪክ በወጣቸው። አንድም የፍቅር ቃል ግን አይገኝባቸውም።

ባለፈው ዓመት የእንቁጣጣሽ ሰሞን ምድር ቤት ያለው የዕቃ ማስቀመጫ ይጽዳ ተባለ። ከአሮጌ ሻንጣዎች ሥር አንድ ካርቶን መጽሐፍ ወጣ፤ ሚስትየዋ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ልብሷን ቀንሳ የያዘችው ነው። ባልየው «ለሚፈልግ እንስጠው፤ ማን ያነበዋል?» አለ። እሱ በአገር ቤት ጋዜጠኛ ነበር። ከ1997 ዓ.ም ምርጫ በኋላ የግል ጋዜጦች ሲዘጉና ባልደረቦቹ ሲታሰሩ፣ በ1998 በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ገባ፤ ከዚያ አሜሪካ። እዚህም ከመጣ ወዲህ ሰልፍ ቀርቶበት፣ ስብሰባ አምልጦት አያውቅም። ልብ ወለድ ግን ከተወ ቆይቷል። «አገር እየተቃጠለ ልብ ወለድ? ያውም የፍቅር?» ይላል።

ሚስትየዋ አልተከራከረችም። ካርቶኑን ወደ ቤት አወጣችው። በሦስተኛው ቀን ባልየው ማለዳ ሲነሣ ፍሪጁ ላይ እንዲህ የሚል ወረቀት አገኘ፦ «ምዕራፍ አንድን ጨርሻለሁ። መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ነው። አንተስ?»

እነሆ የዓመቱ ንባብ እንዲህ ተጀመረ። መጽሐፉ አንድ፣ ዕልባቱ ሁለት፤ የእሱ የፓርኪንግ ቲኬት፣ የእሷ ከአሮጌ ነጠላ ላይ የተቀደደ የጥለት ቁራጭ። ቀን እሱ ይዞት ይሄዳል፤ ማታ እሷ ትወስደዋለች። ደንብም ወጣ፤ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ ብቻ መጻፍ፣ ከአንድ መስመር አለማስበለጥ፣ ቀድሞ የደረሰ ሰው ወደፊት ያለውን አለመናገር።

ከመስከረም እስከ ኅዳር፦ ፍቅር እስከ መቃብር

የመጀመሪያው መጽሐፍ የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር ሆነ። በ1958 ዓ.ም ከታተመ ወዲህ ያላነበበው ቢኖር እንኳ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ያልሰማው ጥቂት ነው። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ሰምተነዋል ብለን እንተወዋለን። ባልየውም ወጣት ሳለ አንብቦት ስለነበር አውቀዋለሁ ብሎ ነው የጀመረው። የሚያስታውሰው ግን ጉዱ ካሣን ብቻ ነበር፤ ለተቃዋሚ ሰው ጉዱ ካሣን የመሰለ ምን አለ? የገበሬዎቹን ዐመፅና አበጀ በለውን ሲያገኝ ደግሞ ኅዳጉን በእርሳስ ሞላው።

ሚስትየዋ ያሰመረችው ሌላ ቦታ ነው። በዛብህ ገና ልጅ ሳለ በወላጆቹ ስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ነው። ሰብለ ወንጌልን ደግሞ አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ በዘር ሚዛን እየመዘኑ፣ የጠየቃትን ሁሉ አይመጥናትም እያሉ ያስቀሯታል። ሚስትየዋ በኅዳጉ ላይ «እሱን ስለት አሰረው፣ እሷን ዘር። ሁለቱን ልጆች ማን ጠየቃቸው?» ብላ ጻፈች። ባልየው ይህን ያነበበው አንድ ባለመኪና ለውጡ እስኪሰጠው ጥሩንባ እየነፋበት ነው። መጽሐፉን ያውቀዋል ብሎ ያሰበው ሰው ጥያቄው አስቦት የማያውቀው ሆነበት።

ላላነበቡ ሁሉ የሚሰጠው ምክር ይህ ነው፤ መጀመሪያ ላይ አትቸኩሉ። ሐዲስ ዓለማየሁ ሰውን ከነወላጁ፣ ከነመንደሩ፣ ከነዕዳው ነው የሚያስተዋውቁት። በዛብህና ሰብለ እስኪገናኙ ብዙ ገጽ ይሄዳል። ያ ሁሉ ገጽ ግን ኋላ ላይ ለምን መለያየታቸው እንደማይቀር ያስረዳል። ደግሞም መንኩሳንና ዲማን እንዲያ አድርገው የሣሉት ደራሲ በጣልያን ወረራ ጊዜ ተማርከው በጣልያን አገር የታሰሩ፣ ኋላም በዲፕሎማትነት ሥራ ብዙ ዘመን ከጎጃም ርቀው የኖሩ ሰው ናቸው። አገሩን ለቆ የኖረ አንባቢ ይህን ሳያውቅም ይሰማዋል።

በታኅሣሥና በጥር፦ ቀለል ያለው፣ ቀጥሎም የሚቆጠቁጠው

ከዚህ በኋላ ትንፋሽ መውሰጃ ያስፈልግ ነበር። የሲሳይ ንጉሡ ሰመመን ተመረጠ። የዩኒቨርሲቲ ፍቅር ነው፤ አቤል ለትዕግሥት ያለውን ፍቅር ከአንደበቱ ማውጣት አቅቶት ትምህርቱም ሕይወቱም ሲናጋ። ባልና ሚስቱ ይህን በሁለት ሳምንት ጨረሱት። በኅዳጉ ላይም ሣቅ በዛ። ባልየው «ንገራት እንጂ አንተ ሰው!» ብሎ ጻፈ። ሚስትየዋ ከሥሩ «አንተ ራስህ ስንት ወር ፈጀብህ?» ስትል መለሰች። መጽሐፍ ካነበበ ዓመታት ያለፈው ሰው፣ በተለይ ሥራ ደክሞት ሦስት ገጽ ላይ እንቅልፍ የሚጥለው፣ ከዚህ ቢጀምር አይቆጨውም። ካምፓስ የኖረበትማ ወጣትነቱን ያገኝበታል።

ቀጥሎ የበዓሉ ግርማ ከአድማስ ባሻገር መጣ። በ1962 ዓ.ም የወጣ የበዓሉ የመጀመሪያ ልብ ወለድ ነው። አበራ ወርቁ የቢሮ ሰው ነው፤ የወር ደመወዝ አለው፤ ልቡ ግን ሥዕል ላይ ነው። ሉሊት ታደሰም አለች። በእንጀራውና በጥሪው፣ በዘመድ ምክርና በራሱ ስሜት መካከል ሲወላውል የምናየው ሰው ነው። ፍጻሜውን እዚህ መናገር አንባቢን መበደል ይሆናል።

ይህ መጽሐፍ ባልየውን አስተከዘው። የአርባ አምስት ዓመት ሰው ነው። ጠረጴዛው ኪስ ውስጥ ሃያ ዓመት ያስቆጠሩ የጋዜጣ ቁራጮች አሉት፤ «አንድ ቀን መጽሐፍ አደርጋቸዋለሁ» የሚላቸው። በመጨረሻው ገጽ ላይ «አበራን አልወቅሰውም» ብሎ ጻፈ። ሚስትየዋ ከሥሩ «እኔ እወቅሰዋለሁ። ቀለሙም ሸራውም እጁ ላይ ነበር» አለች። ባልየው ያን ሰሞን ትንሽ አኩርፎ ነበር። ግን ቁራጮቹን ከጠረጴዛው ኪስ አውጥቶ በየዓመታቸው አስቀመጣቸው። ከዚያ ያለፈ ገና አልሠራም።

በዐቢይ ጾም፦ ኦሮማይ

የበዓሉ ግርማን ኦሮማይ ባልየው ከሚስቱ ደብቆት ቢቻለው በወደደ። ስደተኛ ጋዜጠኛ ይህን መጽሐፍ ሲያነሣ እጁ ይከብደዋል። በ1975 ዓ.ም ታተመ፤ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉ ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። በአማርኛ ለጻፈው ነገር ሕይወቱን የከፈለ ሰው ማን ነው ሲባል ቀድሞ የሚጠራው እሱ ነው። በ2025 በፈረንጅ አቆጣጠር ኦሮማይ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጥቷል፤ አማርኛ ማንበብ ያልቻለ ልጅ ያለው ወላጅ ይህን ልብ ይበል።

ለነገሩ መጽሐፉ የፖለቲካ መጽሐፍ ብቻ አይደለም። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለ ማርያም ለቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ይላካል። እጮኛው ሮማን አዲስ አበባ ናት። አስመራ ላይ ፊያሜታን ያገኛል፤ ፍቅሩም እንደ ጦርነቱ ያለ ልጓም ይጋልባል። ሲነበብ ይፈጥናል። ማታ የጀመረው ሰው ሌሊቱን አጋምሶ ራሱን ያገኘዋል። ባልየው ምሳውን እየረሳ አነበበው። በኅዳጉ ላይ የጻፈው ሁሉ ስለ ሹማምንቱ፣ ስለ ፕሮፓጋንዳው፣ ስለ ፊያሜታ ውበት ነበር።

ከዚያ መጽሐፉ በተራው ከሚስትየዋ ተመለሰ። አንድ ገጽ ላይ አንድ መስመር ብቻ ነበረበት፦ «ሁሉም ስለ ፊያሜታ ያወራል። ሮማንን የጠየቃት አለ?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር መነገር አለበት። ባልየው በ1998 ከቤት ሲወጣ ከተጋቡ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። «ሦስት ወር ነው» ብሏት ወጣ። አራት ዓመት ሆነ። ናይሮቢ የደረሰበትን ችግር፣ የስደተኛ ወረቀት ለማግኘት የቆመበትን ሰልፍ፣ በኋላም አሜሪካ መጀመሪያ የገባበትን ብርድ በየስብሰባው ተናግሯል፤ እሷም ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ሰምታዋለች። እሷ እነዚያን አራት ዓመታት እንዴት እንዳሳለፈቻቸው ግን እሱ አንድ ቀን ጠይቆ አያውቅም። ክፋት ኖሮበት አይደለም። በስልክ «እንዴት ነሽ?» ሲላት «ደህና ነኝ» ትለው ነበር፤ እሱም ደህና መሆኗን አመነ።

ሦስት ቀን እርሳስ አልነካም። በአራተኛው ቀን ፍሪጁ ላይ ለጠፈ። ደንቡ አንድ መስመር ነውና አንድ መስመር ጻፈ፦ «እሑድ ስብሰባ አልሄድም። ንገሪኝ።»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና አፍልታ ነገረችው። ባሏ የት እንደገባ እየተባለች ስንት ጊዜ ተጠርታ እንደተጠየቀች። አከራይዋ «ለእኔም ጦስ ታመጪብኛለሽ» ብለው ዕቃዋን በረንዳ ላይ እንዳወጡት። የሠርጓን የአንገት ሐብል ሸጣ የስድስት ወር ኪራይ እንደከፈለች። እሱ ያንን ሐብል ጠፋብኝ ብላው ሁሉንም ዓመት እንደጠፋ ነው የሚያውቀው፤ እንዲያውም አንድ ጊዜ ዕቃ አትይዢም ብሎ ተቆጥቷት ነበር። ቡናው ሦስተኛው ደርሶ በረዶ ሆነ። ልጅቷ ከክፍሏ ወጥታ ሁለቱም ሲያለቅሱ አይታ ደንግጣ ተመለሰች።

አንድ የፍቅር ልብ ወለድ ይህን ያደርጋል ብሎ ማን ይገምታል? «አገር እየተቃጠለ ልብ ወለድ?» ይል የነበረው ሰው ከዚያ ወዲህ ይህን አባባል አልደገመውም። አሁንም ሰልፍ ይወጣል፤ አሁንም ስብሰባ ይሄዳል። ግን በወር አንድ እሑድ የቤቱ ነው።

ከግንቦት እስከ ሐምሌ፦ ነገም ሌላ ቀን ነው

ከዚህ ቀጥሎ የተመረጠው የትርጉም ሥራ ነው። ማርጋሬት ሚቼል በ1936 ያወጣችውን የአሜሪካ ልብ ወለድ ነቢይ መኮንን ነገም ሌላ ቀን ነው ብሎ መልሶታል። የአተረጓጎሙ ታሪክ ራሱ ልብ ወለድ ይመስላል። ነቢይ በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ፣ ወረቀት በሌለበት፣ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፈ ነው የተረጎመው፤ ጽሑፉም ከእስር ቤት ተደብቆ ወጥቶ ኋላ መጽሐፍ ሆነ። ገጣሚውና የአዲስ አድማስ ጋዜጣ አዘጋጁ ነቢይ በ2016 ዓ.ም አርፏል። ወረቀት በየመጣያው በሚጣልበት አገር የሚኖር ሰው መጽሐፉን ሲይዝ ይህን ቢያስብ ንባቡ ይለወጥበታል።

ሚስትየዋ ስካርሌት ኦሃራን ወደደቻት። በጦርነት ተርባ፣ መሬቷን በጥፍሯ ይዛ የቆመች ሴት ናት። ስለ ሬት በትለርና ስለ አሽሊ ባልና ሚስቱ የተከራከሩት ክርክር ኅዳግ አልበቃ ብሎት ወደ ፍሪጁ ተሻገረ። ይኸኔ ነው የዐሥራ አራት ዓመት ልጃቸው የገባችበት። አማርኛ ትሰማለች፤ ማንበቡ ግን ይከብዳታል። ወረቀቶቹን ፊደል በፊደል እየቆጠረች ስታነብ ከርማ ኖሮ አንድ ቀን በራሷ እርሳስ፣ በተወላገደ ፊደል ጻፈች፦ «በመጽሐፉ ያሉት ባሪያዎች ምን ይሉ ነበር? ለምን አይጠየቁም?»

ልጅቷ ልክ ናት። መጽሐፉ የአሜሪካን ደቡባዊ ግዛቶች ባርነት ከባለባሪያዎቹ መስኮት ነው የሚያየው፤ ያንንም ዘመን አስውቦ ያሳያል ተብሎ ሲወቀስ ኖሯል። በዚህ አገር ጥቁር ሆኖ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ይህን ሳያውቅ ማንበብ የለበትም። አይነበብ ማለት ግን አይደለም። ባልና ሚስቱ መጽሐፉን ጨረሱት፤ ልጅቷ ያነሣችው ጥያቄ ግን እናቷ ስለ ሰብለና ስለ ሮማን የጠየቀችው ያው ጥያቄ ነበር። እናትየዋ ይህን ስታይ የልጇን ወረቀት ከፍሪጁ አንሥታ መጽሐፉ ውስጥ አኖረችው።

በክረምት፦ ሦስተኛው ዕልባት

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጅቷ የራሷን መጽሐፍ አመጣች። ቤተሰቡ ለመጀመሪያ ጊዜ በእንግሊዝኛ ያነበበው የዲናው መንግሥቱን «ዘ ቢዩቲፉል ቲንግስ ዛት ሄቨን ቤርስ» ነው፤ በ2007 በፈረንጅ አቆጣጠር የወጣ። ዲናው አዲስ አበባ ተወልዶ በሕፃንነቱ ወደ አሜሪካ የመጣ ደራሲ ነው። ታሪኩም እዚሁ ዋሽንግተን፣ ሎጋን ሰርክል ላይ ነው። ሴፋ እስጢፋኖስ ትንሽ ግሮሰሪ አለው፤ ገበያው ቀዝቃዛ ነው። ከኮንጎና ከኬንያ የመጡ ሁለት ወዳጆቹ ጋር ተቀምጠው የአፍሪካን አምባገነኖችና መፈንቅለ መንግሥቶች እየጠሩ የሚጫወቱት ጨዋታ አላቸው። ወደ ሰፈሩ ከገባች ጁዲት ከምትባል ነጭ ሴትና ከልጇ ከናኦሚ ጋር የሚጀምረው ወዳጅነት ደግሞ ፍቅር ሊሆን ይሞክራል። ይሆናል ወይስ አይሆንም የሚለውን አንባቢ ይድረስበት።

ልጅቷ ጮክ ብላ ታነባለች፤ አባት ያዳምጣል፤ እናት ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ያለውን ግማሽ ሰዓት ትቀመጣለች። የሴፋ አባት በደርግ ወታደሮች የሚወሰዱበት ቦታ ላይ ልጅቷ አቆመችና «አባዬ፣ አንተስ ለምን መጣህ?» አለች። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ያልጠየቀችው ነው። አባትየው በየመድረኩ የሚናገረውን ሊነግራት ጀመረና ተወው። «መጀመሪያ እናትሽ ትንገርሽ» አላት።

ሐዘን የበዛበት መጽሐፍ ነው፤ ሣቅም አለበት። ወላጅና ልጅ ቋንቋ ለለያያቸው ቤት ከዚህ የተሻለ መነሻ ማግኘት ይከብዳል።

ለአንባቢ ምክር ካስፈለገ

ጊዜ የሌለው ከሰመመን ይጀምር። ጽናት ያለው ፍቅር እስከ መቃብርን ይያዝ፤ በቀን ዐሥር ገጽ ቢያነብ ከእንቁጣጣሽ እስከ ገና ሳይደርስ ይጨርሰዋል። ሥራውና ምኞቱ የተጣሉበት ከአድማስ ባሻገርን፣ አንድ ጊዜ ሰው አስጠብቆ የሚያውቅ ወይም የጠበቀ ኦሮማይን ያንብብ። መጽሐፍ ከየት ይገኛል ለሚል ሰው፣ በርበሬና ሽሮ ከሚሸጥባቸው የሐበሻ መደብሮች ብዙዎቹ አንድ መደርደሪያ መጽሐፍ አላቸው፤ ከዕጣኑ ጀርባ ይፈለግ። የሰፈር ቤተ መጻሕፍትንም መጠየቅ አይጎዳም።

ደግሞም ከአገር ርቆ አማርኛ ማንበብ እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ይታወስ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ጦቢያ በሚለው ስም የምናውቀው፣ በ1900 ዓ.ም የታተመው ሮም ላይ ነው። የአማርኛ ልብ ወለድ ገና ሲወለድ ሰው አገር ነበር።

ባልና ሚስቱ ለአዲሱ ዓመት የአዳም ረታን የስንብት ቀለማት ጀምረዋል። በጣም ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ ባልየው ፓርኪንግ ቤቱ ድረስ መሸከሙ ታከተኝ ይላል። የጥለቱ ዕልባት ከቲኬቱ ብዙ ገጽ ቀድሟል። ባለፈው ሐሙስ ፍሪጁ ላይ የተለጠፈው ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «ወተት አልቋል። የዘለልካቸውን ገጾች ዐውቄብሃለሁ፤ ተመለስና አንብብ።»